ሲጋራ የማይጨስበት ቤት

ወረታ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ዙፋን ተገኘ ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ሳንባዬ ታሟል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ትንፋሼ ስለሚያጥር እኔ እየተናገርኩ መምህር እዮብ ይጽፋል፤ ሲያበቃ ራሴ አነበዋለሁ። ምስክሮቹ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ቢተው ደጅ ነው፤ ሲጋራውን ካላጠፋ አይገባም ብያለሁ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አንቱ ብዬዋለሁ። በዚህ ወረቀት ላይ አልለውም።

አስቀድሞ የሕመሜ ነገር ይጻፍ። ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። ሳል ሲጀምረኝ ሩዝ መፈልፈያ ቤት እሠራ ነበር። ቢተው «የሩዙ እብቅ ነው የያዘሽ፣ ተይው» አለኝ። ጎረቤቱም እንዲሁ አለ፤ አምኜ ሥራዬን ተውኩ። እብቁን ሸሽቼ ቀኑን ሙሉ እሱ ከሚያጨስበት ክፍል ገባሁ። ቀድሞ ቁሐር ሚካኤል ሳለን፣ ክረምት የጎርፉ ውሃ ግቢውን ሲሞላው ከእህሉ ጋር ቆጥ ላይ እንወጣ ነበር። ለወባ ትንኝ ብለን ቀዳዳውን ሁሉ በጆንያ እንደፍናለን፤ እሱ እዚያው ያጨሳል። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ስንት ዓመት አጨሱ?» አለኝ። አላጨስኩም ስለው «ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለ። ይህንኑ ለቢተው ነግሬዋለሁ። አሁንም ስናገር ሰምቶ ከደጅ «እብቅ ነው» ብሏል። ይጻፍልኝ።

ከጎረቤቴ ከታይቱ የተዋስኩት ወንፊት ጓዳ ተሰቅሏል፤ ይመለስላት። ሌላ የሰው ነገር በእጄ የለም።

የሩዝ ማሳው በሁለታችን ስም ነው። ግማሹ የቢተው ነው፤ የእኔ ግማሽ ለልጄ ለአምሳል ይሁን። ጭቃው ውስጥ ቆመን ያረምነው እኔና እሷ ነን።

ይህ ቤት ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ የቢተው እጅ የለበትም። ለአምሳል ሰጥቻለሁ። ቢተው ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአስፋልቱ እዚህ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ይቆማል፤ ያለ ጧሪ አይኖርም። አምሳል ትጦረዋለች፤ ጭስ ውስጥ ግን አትጦረውም፤ እሷም ማሳል ጀምራለች። ስለዚህ ሲጋራውን ከተወ እስኪሞት ድረስ በዚህ ቤት ይኑር። ካልተወ ቁሐር ወዳለው የአባቱ ጎጆ ይሂድ፤ ውሃው ሲመጣ የሚያወጣውን ሰው ራሱ ይፈልግ።

የንስሐ አባቴ ይቅር በዪው ብለውኛል። በነፍሴ ይቅር ብዬዋለሁ። በቤቴ አልልም።

አምሳል፣ አባትሽ ሲያለቅስ አይተሽ እንዳትታለዪ። እያለቀሰም ያጨሳል። በቀብሬ ቀን ድንኳን ውስጥ የሚያጨስ ካለ፣ አባትሽም ቢሆን፣ አስወጪው።

ምርጫውን ምስክሮች ፊት እንዲናገር ቢተውን አስጠራሁት። ሲጋራውን ጥሎ ገባ። መቃኑን ይዞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅነው። መምህር እዮብ ስለ ቤቱ ያልኩትን ሁለት ጊዜ አነበበለት። ቢተው ምስክሮቹን አንድ በአንድ አያቸውና «ክብሪት የያዘ አለ?» አለ።

መምህር፣ ከተወ ይኑር ያልኩት ይሰረዝ። ቤቱ የአምሳል ብቻ ነው። ቢተው እኔ በሞትኩ በአርባ ቀን ውስጥ ይውጣ።

የተሰረዘው በእኔ ትእዛዝ ነው። አንብቤዋለሁ፤ ቃሌ ነው።
ዙፋን ተገኘ (ፊርማ)

ሲነገርም፣ ሲነበብም፣ ሲሰረዝም እዚሁ ነበርን፦
ጎበዜ ትሁን (ፊርማ)
ማንጠግቦሽ በላቸው (የጣት አሻራ)
የኔነህ ቻላቸው (ፊርማ)
ሰውነት ጎበዜ (ፊርማ)