የቡሬው ፎቶ

ባምላኩ፣

የእኔን ቁልፍ አከራያችን እትዬ በለጠች ዘንድ ትቼልሃለሁ። የዚህን ወር ውሃ ቀድቼ ጨርሻለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ተራው ያንተ ነው። ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለልህ፣ ሳይበላሽ ብላው።

የት እንደገባሁ አትጠይቅ። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ናት፣ መገናኘታችን አይቀርም።

የብስክሌት ክበባችን ደንብ አንድ ብቻ ነበር፦ ማንም ወደኋላ እንዳይቀር ቀርፋፋው ከፊት ይነዳል። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ሁሌም ከፊት የምነዳው እኔ ነበርኩ። ባለፈው እሁድ ግን የደምበጫ እንግዶች መጡና "ለዛሬ ብቻ ከኋላ ሁን" አልከኝ።

እሺ አልኩ።

ማንኩሳን እንዳለፍን ጎማዬ ተነፈሰ። ፖምፓው አንተ ጋ ነበር። ተጣራሁ። ዞር ብለህ አየኸኝ፣ እጅህን አውለብልበህልኝ ከእንግዶቹ ጋር ቀጠልክ። ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ተመለስኩ።

ሰኞ ዕለት መምህራን ክፍል ውስጥ በሰው ፊት የተናገርኩህ ልክ አልነበረም። ለብቻህ ልነግርህ ይገባ ነበር።

ዛሬ ከቤቱ የምወጣው ግን በጎማው ምክንያት አይደለም። ያን እሁድ ቡሬ ስትደርሱ የተነሳችሁት ፎቶ ትናንት ታጥቦ መጣ። ሁላችሁም ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ትስቃላችሁ። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው በአንተ እጅ ጽሑፍ "የክበባችን አባላት በሙሉ" ይላል።

ፎቶውን አልጋህ ራስጌ ሰቅዬልሃለሁ። ማታ ስትገባ እየው፤ የጎደለ ሰው የለም።

ዘሩ