ለብ ያለ ውሃ

ይድረስ ሰመራ ላለኸው ልጄ ቀዳማዊ፤ እኛ ቀራንዮ ደህና ነን፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልን።

ቆዳዬ ተሰነጠቀ ላልከው መላው እናትህ ጋ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ድርቀት የሚያስተምረኝ የለም። የሚያደርቅህ ፀሐዩ ብቻ አይደለም፣ የፈላ ውሃና የልብስ ሳሙናም ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጠብ፤ ገላህ እርጥብ እያለ ቫዝሊን ተቀባ። ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው።

የኔም እጅ አምሮበታል። አንዲት ነጣ ያለች ቦታ ብቻ አልወዛ ብላለች። እህትህ ሜቲ ዘነበወርቅ የቆዳ ሆስፒታል እንሂድ ትላለች፤ ለድርቀት ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? ውሃውን ግን አሁን አስቀድማ የምትነካልኝ እሷ ናት። ለኔ እጅ የፈላውም ለብ ያለ ነው።

መድኃኔዓለም በጤና ያገናኘን።
እናትህ የሺእመቤት