የጓሮው በር ቁልፍ

ልጄ ባካሪ፣ አላህ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ እዚህ ሞምባሳ ደህና ነን። አባትህን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል፤ የፍራሽ ሱቃችን ግን እንደ ድሮው ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቷል።

ባለፈው ወር የጎረቤታችን የዙህራ ሱቅ ከነመኖሪያ ቤቷ ተቃጠለ። ሰው አልሞተም። ከዚያ ወዲህ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየቤቱና በየሱቁ እየዞሩ ይመክራሉ። እኛ ዘንድ የመጣው ወጣት ፍራሾቹን ከሶኬቱ አርቁ፣ የጋዙን ሲሊንደር ውጭ አውጡ አለና ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ እሳቱ ከሱቁ በኩል ቢነሳ በየት ይወጣሉ?»

«በጓሮ በር።»

«እስቲ ይክፈቱልኝ።»

«ቁልፉ ዶሃ ነው፤ ልጄ ጋ።»

«ታዲያ እሳቱን ልጄ እስኪመጣ ታገሰኝ ሊሉት ነው?»

አባትህ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስትሄድ «ስመለስ በጓሮ ገብቼ አስደነግጥሻለሁ» ብለህ ስለወሰድከው፣ አራት ዓመት ሙሉ ያንን በር ማንንም አላስነካሁም።

በማግስቱ ብረት ሠራተኛ ጠርቼ ጓጉንቸሩን አስቆረጥኩት። አሁን ከውስጥ መቀርቀሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰውም ይከፍተዋል።

አንተም ስልክህን ቻርጅ ላይ ሰክተህ ትራስ ሥር አታድርግ። የምታድርበትን ቤት መውጫ እወቅ።

አላህ ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያገናኘን። የያዝከው ቁልፍ ከእንግዲህ ምንም አይከፍትም፤ ግን አትጣለው። ስትመጣ በዚያው በጓሮ በኩል አንኳኳ። መደንገጤ አይቀርም።

እናትህ ምዋና