የአንዳርጋቸው ሰሌዳ

ክንዱ፣
ዝናብ ሲጀምር ከሚጮኸው የወንድሜ የአንዳርጋቸው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ባትሪ ድንጋዩን አውጥተህ ሬዲዮህ ውስጥ ከተትከው። ሰሌዳው ድንጋይ ሲያጣ ፕሮግራሙን ይረሳል። አንዳርጋቸው ከመሞቱ በፊት በእጁ ያስገባው ቁጥር ሁሉ ጠፋ። ለተዝካሩ ያሰጣነው ብቅልም በዝናብ ተበላሸ።
«ካልጮኸ እኔ በምን ልወቅ?» አልከኝ።
ዝናቡን በመስኮት እያየህ!

ሌላ ብቅል ፍለጋ ድብ ባሕር ሄጃለሁ። ነገ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።
ሰሌዳው ውስጥ ሌላ ድንጋይ ከትቼ፣ ቁጥሮቹን አንዳርጋቸው ከጻፈበት ደብተር እያየሁ እስከ ገጽ አሥራ ሁለት መልሻለሁ። ጣራው ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አትንካ፤ የዝናብ ጠብታ ሲያገናኛቸው ነው የሚጮኸው።
ሲጮኽ እንዲሰማህ ሬዲዮህን ዝጋ።

ያን ጊዜ «ቁጥር ማስገባት አስተምረኝ» ስትለኝ ስቄብህ ነበር።

ደብተሩ አልጋዬ ላይ ነው። የቀረውን አንተ አስገባ። አንድ የሚመስለው የእሱ ሰባት ነው።
እጅህን ታጥበህ ግለጠው።

ቢሻው