ድልድዩ ውስጥ ስለሚበጠሱት ሽቦዎች

ለተከበሩ የድልድይ ተቆጣጣሪያችን ለጓድ ንጉሤ አልታዬ፤
ግልባጭ፦ በድልድዩ ለሚሻገር ሁሉ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ደጋ ላይ ነውና ጉንፋን እንዳይነካዎ አላህን እለምናለሁ። እኛ የሸዋ ሮቢት ቆለኞች፣ ልጄ ራህመት ነፍሰ ጡር ሆና በየገበያው ቀን ወደ ጀውሃ የምትሻገርበት ድልድይ እስካሁን ስላልወደቀ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

1ኛ. ለአቤቱታችን በስድስት ወር ውስጥ መልስ ስለሰጡን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የላኳቸው መርማሪ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ሁለት ጊዜ ተሻግረው፣ አለመውደቁን አረጋግጠው ተመልሰዋል። ከሥሩ የሚወርደውን ዝገት ደግሞ ለአብዮት በዓል ኖራ አስቀቡልን፤ እንዴት አምሮበታል መሰለዎት!

2ኛ. ቀትር ላይ ኮንክሪቱ ሲግል ከሆዱ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ጎረቤቶቼ ጂን ነው ብለው ፍየል አርደው ዱዓ አደረጉ፤ ይባስ ብለው አቤቱታው ላይ ይህንኑ ጻፉት። እርስዎም ጉዳዩን ከመሐንዲስ አንስተው ለካድሬ መሩት።

ጂን ቢሆንማ ምንኛ በታደልን! ድልድዩ ሲሠራ እኔ ሽቦ ወጣሪ ነበርኩ። ድልድዩን የተሸከሙት ኮንክሪቱ ውስጥ በቱቦ አልፈው እንደ ክራር ክር የተወጠሩ የብረት ሽቦዎች ናቸው። ቱቦው በሲሚንቶ መሞላት ነበረበት፤ ለምረቃው ተጣድፈን አፉን ብቻ ደፈንነው። በእነዚህ እጆቼ ደፍኜ ዝም ብዬ ኖርኩ። ሃያ ክረምት ውሃ ሲገባበት ከረመ። አሁን ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱ እሰማለሁ፤ ድልድዩ አጠገብ ሳልሆን፣ ሶላት ላይ ቆሜ እንኳ ይሰማኛል። እፈራለሁ ጓድ፤ ሌላ ምን ልበልዎ?

3ኛ. ሾፌሮቻችን ተሳፋሪውን አውርደው በእግሩ ካሻገሩ በኋላ፣ ቢወድቅ ለመዝለል የመኪናቸውን በር ከፍተው ብቻቸውን ያልፉ ነበር። ይህም አሉባልታ መንዛት ነው ተብሎ ተከልክሏል። ለሕዝቡ እግር ስላዘኑለት እናመሰግናለን።

የድልድዩን ፋይል ከአንዳች ጭረት ጠብቀው ላቆዩልን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አብዱልሃዲ ሙሄ
የቀድሞ ሽቦ ወጣሪ

ማሳሰቢያ፦ ጂን አለመኖሩን የሚያስረዳው የንቃት ትምህርት ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ እዚያው ድልድዩ ላይ እንዲሰጥ ማዘዝዎን ሰማን። ሦስት መቶ ሰው ይቆምበታል። ራህመት የሴቶች ማኅበር አባል ናትና ከፊት ትሰለፋለች፤ ወሯ ገብቷል፣ ትቅርልኝ ብዬ ብለምን የቀረ ፀረ አብዮት ነው ተባልኩ። እንግዲያው እርስዎም እንዳይቀሩብን፤ ከእሷ አጠገብ፣ መሃል ድልድዩ ላይ ወንበር አኖርልዎታለሁ።