ከግድግዳው ኋላ የበቀለው ሣር

ሰኞ፣ መጋቢት 3

«ሠራተኛ ሽብሩ የወደቁት በሥራው ጠባይ ሳይሆን በኋላ ቀር ልማድ ምክንያት ምግብና ውኃ ባለመውሰዳቸው መሆኑ ስለ ታመነበት፣ ሁኔታው በሥራ ላይ እንደ ደረሰ አደጋ አይመዘገብም። ሙቀትና ብርድ የተፈጥሮ ጉዳይ በመሆናቸው መሥሪያ ቤቱን አይመለከቱም። የቀሩት ስድስት ሠራተኞች ከመጋቢት 17 ቀን ጀምሮ በነበረው ሰዓት ሥራቸውን ይቀጥላሉ።»

የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ቃል በቃል ገለበጥሁት። ነገ በንዴት አጣምሜ እንዳላስታውሰው ነው።

የተፈጥሮ ጉዳይ! ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች ያለውን መጋዘን ገብቶ ያየ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ለዓመታት የተረሳ የተባይ መርዝ አለ፤ በርሜሎቹ ዝገው ወለሉ ላይ ፈሷል። ሰባት ሰዎች ከእግር እስከ ራስ የጎማ ልብስ ለብሰው፣ ጭምብል አጥልቀው ያንን ይጠርጋሉ፣ ያሽጋሉ። ጎማ ላብ አያስወጣም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት ይበልጣል፤ በመለኪያ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ኬሚስቱም የጥንቃቄ ኃላፊውም እኔ ነኝ። ሥራው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲጀመር ያደረግሁትም እኔ ነኝ። እስከ አራት ይበቃል ብዬ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ እስከ ስድስት አደረገው። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ኩባያ ውኃ በእጄ ቀድቼ እሰጣለሁ፤ ወረቀት ላይ በየስማቸው አንጻር ምልክት አደርጋለሁ። ሐሙስ ዕለት ሽብሩ ከመውደቁ በፊት ሰባት ምልክት አለው። ሰባት ኩባያ የጠጣ ሰው በውኃ ጥም አይወድቅም፤ የጣለው ሙቀቱ ነው። ነገ ወረቀቱን አምጥቼ ደብዳቤውን በጻፉት ሰዎች ፊት አስቀምጠዋለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ወረቀቱ ከበሩ ኋላ ምስማሩ ላይ ነበር። ሰባት ምልክት። ጭምብሎቹ የሚቆለፉበትን ሳጥን ከፍቼ ቆጠርሁ፤ ሁሉም አሉ። ቁልፉን ወደ ኪሴ መለስሁ። የጎማ ልብሶቹን ለማየት ወደ ግድግዳው ኋላ ዞርሁ።

ሣር በቅሏል። ከጥር ወዲህ አንድ ጠብታ ሳይዘንብ፣ ዙሪያው አቧራ ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለምለም ሣር።

ዘበኛውን ጋሽ ደምሴን ጠራሁት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ነው» አለኝ።

«የምን የእኔ?»

«እርስዎ ቀዱ፣ እነሱ ዞር ብለው ደፉ። ጾም አይደል እንዴ ጌታዬ? ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ የሚቀምስ ማን አለ? እኔማ ላም ቢኖረኝ እዚህ አስራት ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎን የሚያህል ሰው በእጁ ቀድቶ ሲሰጥ፣ እንዴት ብለው እምቢ ይበሉ?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ። እናቴ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ነው ያደግሁት። አላውቅም አልልም። መሥሪያ ቤቱ «ለመርዙ ማርከሻ» ብሎ ወተት ሊልክ ሲል፣ በጾም አይሆንም ብዬ በውኃ ያስለወጥሁት እኔው ነኝ። በዚያም ኮርቼ ነበር። ወተቱን አስቤ ውኃውን ረሳሁ።

እነዚያ ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች አንድ እውነት ጽፈዋል። ከሁሉ ያበገነኝ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ሽብሩ ቤት። መደቡ ላይ ተኝቷል። ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዤ አስተኛሁት። ኩባያ የሚይዘው በሁለት እጁ ነው። ሐኪሙ ኩላሊቱን ተጠራጥሯል።

«ገሃነምን አየሁት ጋሼ» አለኝ። «ወረፋ የለውም። በዚህ ከተማ ያለ ወረፋ የገባሁበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።»

መሳቅ አቃተኝ።

ብርዱን የነገረኝ እሱ ነው። ልብሱን ስድስት ሰዓት ላይ አጥበው የሚያሰጡት ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ኋላ ነው። ሲነጋ እርጥብ ነው፤ የእንጦጦ ነፋስ መትቶት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከውስጥ ሁለት ሁለት ሹራብ ይደርባሉ። ሙቀቱ ሲመጣ ሹራቡ አይወልቅም። «ላውልቅ ብል መርዙ፣ ልተወው ብል እሳቱ» አለኝ።

«ይህን ለምን አልነገርኸኝም?»

«ስለ ሰዓቱ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ነግሮኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ በሩ ላይ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንሥራ፤ የጎረቤቱ ፎቅ ጥላ ጣሪያው ላይ ይወድቃል፣ ልብሱም ቀኑን ፀሐይ ላይ ውሎ ይደርቃል፣ እኛም እህል ውኃ ቀምሰን እንመጣለን ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀት እንደሚብስ በወረቀት አሳየሁት። የለካሁት በስምንት ሰዓት ነበር። ጥላውን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሚስቱ ወርቄ ከጓዳ ብቅ አለች። «እርስዎን ጴንጤ ናቸው ሲሉ ሰምተን ነው። ጾማችንን ይንቃሉ ብለው ሰዎቹ ፈሩ።»

«አንቺ፣ ዝም በይ» አላት።

ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ እኔም የማምነውን በአፌ አውጥቼ አላውቅም። እነሱ ከእኔ ደበቁ፤ እኔ ከመሥሪያ ቤቱ።

ልወጣ ስል፣ «ድኜ እመለሳለሁ፤ ስሜን እንዳይሰርዙት» አለኝ። ደብዳቤው «የቀሩት ስድስት» ማለቱን አልነገርሁትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

መለኪያውን ይዤ መጋዘኑ ዋልሁ። ስምንት ሰዓት፦ አይቻልም። ዘጠኝ፦ አይቻልም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጥላው ጣሪያውን ጨርሶ ሸፈነው። አሥር ሰዓት ላይ ውስጡ እንደ ማንኛውም ቤት ሆነ። ጠዋት ሁለት የጎማ ልብስ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር፤ ከሰዓት በፊት ደረቁ።

ሽብሩ ያለ መለኪያ ያወቀው ይህን ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ ሥራው ከሰዓት በኋላ ይሁን አልሁት። ቁጭ በል አላለኝም።

«ከሰዓት በኋላ የፖለቲካ ውይይት ክበብ አለ» አለኝ።

«በየቀኑ?»

«ሰኞና ሐሙስ።»

«የቀሩት ቀናትስ?»

«የመንግሥት ሥራ ሰዓት ለጾም አይቀየርም።»

«ለጾም አይደለም፤ ለጥላ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ደግሞ ምን አገባህ? ጾመኛ እንዳልሆንህ እናውቃለን። ምን እንደሆንህም እናውቃለን።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ተደግፌ አንድ ማኪያቶ አዘዝሁ፤ ግማሹን ተውሁት። ተመልሼ ደብዳቤውን ጻፍሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንብባ፣ «ጋሼ፣ ይህ ይግባ?» አለችኝ። ይግባ አልኋት። ግልባጩ ይኸው፦

«አንደኛ፦ ሠራተኛ ሽብሩ ውኃ አለመጠጣታቸው እውነት ነው። ያላጣራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ በስሜ ይጻፍ። የጣላቸው ግን ለብርዱ የደረቡት ሹራብና በጎማ ልብስ የታፈነ ሙቀት ነው፤ ሁለቱም ሥራው ያመጣቸው ናቸው። ስለዚህ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ተብሎ ይመዝገብ፤ ስማቸውም ከሠራተኞች ዝርዝር አይውጣ።

ሁለተኛ፦ ሥራው ከቀኑ አሥር ሰዓት ይጀመር። የለካሁት ተያይዟል።

በቃል የሚሰጠኝን መልስ አልቀበልም። የጭምብሎቹ ሳጥን ቁልፍ በእጄ ነው፤ ሰኞ መጋቢት 17 ንጋት ላይ በሩ ላይ እገኛለሁ፣ ያለ ጽሑፍ መልስ ግን ሳጥኑን አልከፍትም። መልሱ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም ታትሞበት፣ እስከ ዓርብ መጋቢት 14 ቀን፣ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»