የዋንዛው ቅርንጫፍና የእኔ አፍ

ግንቦት 3፣ ጠዋት 2 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬም ስፌት ላይ ነኝ። የመዘምራን ካባ። አስራ አንድ አንገትጌ ቀርቶኛል። መኪናውን እየረገጥኩ ሳለ ከላይ ቋ! አለ። ጥይት መስሎኝ ደንግጬ ወጣሁ። ዋንዛው ነው። ያ በጣራችን ላይ የተጋደመው ትልቁ ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ነጩ እንጨት ከታች ይታያል።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ቅርንጫፉ ለሁለቱም ይበቃል። ውስጥ ደግሞ አዮ ተኝታለች፣ የሟች ባሌ እናት። እግሯን ከያዛት ሁለት ክረምት ሊሆናት ነው፣ እኔ ካላነሳኋት አትነሳም። ከሰዓት ከሰዓት ነፋሱ ጀምሯል።

ለጊዜው ጎረቤት ልውሰድሽ ብላት፣ ዛፉን የተከለው ባሌ ነው፣ እኔ ላይ አይወድቅም አለችኝ። ዛፍ ዘመድ ያውቃል እንዴ?

ግንቦት 4

ቀበሌ ሄድኩ። ዋንዛ አገር በቀል ነው፣ በገዛ ግቢህም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይነካም። ይህንን ለሰፈሩ ሁሉ ስሰብክ የኖርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈቃድ ልጠይቅ።

ቀበሌ፦ ክፍለ ከተማ ሂጂ። ክፍለ ከተማ፦ የደን ባለሙያው ጋ ሂጂ። ባለሙያው፦ መስክ ነው። መስኩን አየሁት። ከቢሮው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ነው፣ እግሩን አነባብሮ ብስኩት እየነከረ ነበር። ገብቼ ላዋርደው ብዬ ተውኩት። ነገ እፈልገዋለሁ። እንዲህ ነው ምላሳችንን የሚያስሩት፣ ነገ ስለምንፈልጋቸው።

ግንቦት 6፣ 11 ሰ.

ባለሙያውን ዛሬ ወንበሩ ላይ አገኘሁት። ኮሚቴ አይቶ ይወስናል አለ። ኮሚቴው መቼ ይመጣል? መኪና ሲኖር። መኪናው መቼ ይኖራል? ነዳጅ ሲኖር። ባጭሩ ከክረምት በኋላ። ከክረምት በኋላ ምን ሊያዩ ነው፣ አዮን ከቆርቆሮ ስር ሲያወጧት? አልኩት። ስሜት ውስጥ አትግቢ አለኝ። ስሜት!

ስወጣ አንድ አናጢ ተከተለኝ። የዲጋ መንገድ ላይ በርና አልጋ የሚሰራ ነው። ሁሉን ሰምቷል። አዴ ጥሩ ብሎ በስሜ ጠርቶኝ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? አለኝ። ስሩን ቆፍረሽ አፈር በሚሸፍነው በኩል ልጡን ዙሪያውን ላጪው፣ ጨው ያለው የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ ይደርቃል። ደረቅ ዛፍ ማን ይጠይቅሻል? ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ፣ ግንዱን ለኔ ትሰጪኛለሽ። ይህን ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነው፣ የምግብ አሰራር እንደሚያስረዳ።

አስጠላኝ። የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በመንገዴ ሁሉ ግቢ ለግቢ እያየሁ መጣሁ፣ በ“በሽታ” የደረቁትን ዋንዛዎች። ለካ በሽታው ይሄ ነው። የታመመ ቅርንጫፍ መቁረጥ ወንጀል፣ ጤነኛውን መርዞ መግደል ብልጠት። ቱ!

ግንቦት 8

ባለሙያው ጋ ተመለስኩ። ያው መልስ። ሰውየው ሲያወራ እኔ መስኮቱን አያለሁ። መስኮቱ እንዳይዘጋ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተሸጉጣለች። መመሪያው ነች! የዛፍ መመሪያው። አነባትና እመልሳለሁ ብዬ መዝዤ ወሰድኳት። መስኮቱ ኋላዬ ድርግም አለ።

በኦሮምኛ ነው የተጻፈችው። እኔ አማርኛውንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የኦሮምኛውን ፊደል ከባሌ የመዝሙር መጽሐፍ ላይ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩ። ገጽ 9 ላይ ቆምኩ። ሶስቴ አነበብኩት።

ዛፉን ከስሩ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሰው ወይም ለቤት አደጋ የሆነ ቅርንጫፍ ግን ባለይዞታው ለቀበሌው አሳውቆ ይመለምላል። በቃ። ያሳውቃል። ኮሚቴ የለ፣ መኪና የለ።

ደብተሬ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትዝ ያለኝ ግን ሰው ነው። ኦቦ ዲንሳ!

በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነው። አምና ከጣራው በላይ የተንጠለጠለ የዋንዛ ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ የራሱን። በቀበሌ ስብሰባ ተነስቼ ያጋለጥኩት እኔ ነኝ። ለሊቀ መንበሩ አሳውቄያለሁ ሊል ጀመረ፣ አላስጨረስኩትም። ህግ ህግ ነው፣ ለጎረቤትም አይታጠፍም አልኩ፣ በኦሮምኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ተጨበጨበልኝ። እንጨቱን ወሰዱበት፤ የት እንደገባ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰውየውን አቁመው ሁለተኛ አይለምደኝም አስባሉት፣ በልጆቹ ፊት። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። እኔም ጥፋተኛ ነው፣ አፍሮ ነው እል ነበር።

ያላነበብኩትን ህግ!

ግንቦት 9

ለቀበሌ በጽሑፍ አሳወቅኩ። ማህተም አስመታሁ። ገጽ 9ን ስከፍትላቸው ጸሐፊው እንደ አዲስ ወሬ አየው። እነሱም አላነበቡትም። አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው!

አሁን የቀረው ዛፉ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ከጨለለቂ ሰፈር እስከ በከኒሳ ቀሴ መጋዝ ያለውን ሁሉ ጠየቅኩ። ይስቁብኛል። አንዱ፣ አንቺ ግቢ? ቅጠል ቢረግፍ ትከሺናለሽ አለ። ሌላው ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ ማህተሙ ጥሩ ነው፣ የምፈራው አንቺን ነው አለኝ። ሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይጠራሉ፦ ኦቦ ዲንሳ። ቅርንጫፍን በገመድ አስሮ፣ ከጣራ ላይ ቀስ አድርጎ እንደ ህጻን የሚያወርድ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ቆርጦ ይለቀዋል።

አልሄድም። በምን ፊቴ?

ግንቦት 10፣ ከሰዓት 9 ተኩል

ነፋስ። ዝናብ። ቆርቆሮው ጮኸ። አዮ ላይ ተደፋሁባት፣ ሌላ የማደርገው አልነበረም። አልወደቀም። ስንጥቁ ግን ጨምሯል።

አዮ እጄን ይዛ ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ከዚህ አውጪኝ አለች። ፈርታለች። እሷ ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

ግንቦት 11

ሄድኩ። እዚህ አገር የበደለ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ነው በር ላይ የሚቆመው። ይዤ ኦቦ ዲንሳ በር ላይ ቆምኩ። ሰፈሩ አየኝ። ይየኝ።

ወጣ። ለሰላምታ እንኳ አካም አላለኝም። መጽሐፏን ሰጠሁት፣ ገጽ 9ን ከፍቼ። ቆሞ አነበበ፣ መጀመሪያ ለራሱ፣ ከዚያ ለሚስቱ ጮክ ብሎ። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ይቅርታ፣ አላወቅኩም፣ ለሰፈሩ ብዬ ነው፣ ባለሙያዎቹም እኮ አያውቁም… አፌ ይሮጣል። እጁን አነሳ። ዝም አልኩ። እኔ!

“አዴ ጥሩ፣ በጉባኤ ያዋረድሽኝን በጓሮ አትመልሺውም” አለኝ። ሳሩን አልተቀበለኝም። አልጣለውምም። አጥሩ ጋ ሄዶ ስንጥቁን ብዙ ቆሞ አየው። ገባ።

ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። አሮጊት አልጋ ላይ እያለች ይሄ ለክብሩ ይጨነቃል ብዬ እየተሳደብኩ ገባሁ። ካባው ስፌት ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን፣ የኔ ጭብጨባ ክብር ነበር፣ የሱ ክብር ኩራት ሆነ? ራሴን ጠላሁት። ከአናጢው በምን እሻላለሁ? እሱ ስር ለስር ያደርቃል፣ እኔ በአደባባይ።

ግንቦት 12፣ ጠዋት 2 ሰ. ተኩል

የዲንሳ ሚስት በማለዳ ከሁለት ሴቶች ጋር መጣች። እኔን አላናገረችኝም። አዮን ከነፍራሿ አንስተው ወደነሱ ቤት ወሰዷት። አዮም ዛፌ ምናምን አላለችም፣ እሺ ብላ ሄደች። ስለዚህ ቅርንጫፉ አሁን ቢወድቅ የሚወድቀው ቆርቆሮና የስፌት መኪና ላይ ነው። በጉባኤ ሳልናገር ዝም ብዬ መቅረት እችላለሁ ማለት ነው። ይህን ሀሳብ አሰብኩት፣ ይኸው ጻፍኩት፣ አስጠላኝ።

የቀበሌ ስብሰባ ዛሬ 3 ሰ. ነው። ኦቦ ዲንሳ ቀድሞ ሄዷል አሉ፣ ከፊት ተቀምጧል። እሄዳለሁ። አጀንዳ እስኪያልቅ አልጠብቅም፣ መጀመሪያ እጄን አወጣለሁ። በኦሮምኛ ነው የምናገረው፣ ባዋረድኩበት ቋንቋ። ኦቦ ዲንሳ ህግ አልጣሰም፣ እኔ ህጉን አላነበብኩትም ነበር እላለሁ። ባለሙያው እንዲህ፣ ቀበሌው እንዲያ አልልም። እሱን ሌላ ቀን። አፌን አውቀዋለሁ፣ ምክንያት ይወዳል። ያንን ብቻ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ባያጨበጭቡም፣ ቢስቁም…

የስብሰባው ደወል ተደወለ። ጫማዬን የት…